ሞተርሳይክል መግዛት፣ መያዝና መንዳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ100 እስከ 150 ሲሲ (የሞተሩ መጠን መለኪያ) ስላላቸው፣ አገራችን ውስጥ በብዛት ስለሚነዱት ሞተርሳይክሎች ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

100፣ 125 ወይስ 150 ሲሲ ልግዛ?

የምትውሉበትን መንገድ አስቡ። ሐዋሳን ወይም ባሕር ዳርን በመሰለ ሜዳ ከተማ ብቻችሁን የምትመላለሱ ከሆነ 100 ሲሲ ይበቃችኋል። ቤንዚን አይበላም፤ ቢወድቅም ለማንሳት አይከብድም። ደሴ ወይም ጎንደር ላይ ሰው ከኋላ አስቀምጣችሁ ዳገት የምትወጡ ከሆነ ግን 125 ወይም 150 ይሻላል። ትንሽ ሞተር እስከ ጥግ ነዳጅ እየተሰጠው ሲያቃስት ከዋለ፣ ቤንዚን ይቆጥባል የተባለው ቀርቶ ዕድሜውም ያጥራል።

እኔ ከሲሲው በፊት የማየው መለዋወጫውን ነው። ቦክሰርና ቲቪኤስ የሚባሉት ሞተሮች በየከተማው የበዙት ስላማሩ አይደለም። ዕቃቸው በቀላሉ ይገኛል፤ መካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታቸዋል። መልኩ የሚያምር፣ የፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር የሚያዘው) ገመዱ ግን ከሩቅ የሚታዘዝለት ሞተር ግቢ ውስጥ ቆሞ ይከርማል። ቁመቱንም አትርሱ። ተቀምጣችሁ እግሮቻችሁ መሬቱን በደንብ ካልነኩ መብራት ላይ በቆማችሁ ቁጥር መከራችሁን ታያላችሁ።

የመኪና መንጃ ፈቃድ አለኝ። በእሱ ሞተርሳይክል መንዳት እችላለሁ?

አይሆንም። የሞተርሳይክል ፈቃድ ራሱን የቻለ ምድብ ነው። መኪና በደንብ የሚነዳ ሰው ሞተርሳይክል ላይ ሲወጣ ጀማሪ ነው፤ ፍሪሲዮኑ እጁ ላይ፣ ማርሹ እግሩ ላይ ነው፤ ሚዛን የሚባል ነገርም ይጨመርበታል። ስለዚህ ሥልጠናውን ለወረቀቱ ብቻ ብላችሁ አትውሰዱት።

ከፈቃዱ ሌላ ታርጋ፣ ሊብሬ፣ ዓመታዊ ምርመራ (ቦሎ) እና የሦስተኛ ወገን መድን ያስፈልጋል። መድኑ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ግዴታ ነው። ሥራው ግን እናንተ የጎዳችሁትን ሰው መካስ ነው። የራሳችሁ ሞተር ቢሰረቅ ወይም ቢሰበር የሦስተኛ ወገን መድን አንድ ብር አይከፍልም። ለዚያ ሌላ ውል መግባት አለባችሁ።

አዲስ አበባ ውስጥስ እንደ ልብ ይነዳል?

አይነዳም። ከተማ አስተዳደሩ በሞተርሳይክል የሚፈጸም ዝርፊያ በዛ ብሎ ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እንቅስቃሴውን ገድቧል። ከዚያ ወዲህ የሚነዳው በፈቃድ ነው። መመሪያው ስለሚሻሻል ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የከተማውን ትራንስፖርት ቢሮ በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። «ፈቃዱን እኔ እጨርስልሃለሁ» የሚል ደላላ ቃል በቂ አይደለም።

ያገለገለ ሞተር ልገዛ ነው። ምን ምን ልይ?

ለሻጩ ስትደውሉ «እኔ ሳልደርስ እንዳታስነሳው» በሉት። ስትደርሱ መጀመሪያ ሞተሩን በእጃችሁ ዳሰስ አድርጉ። ከሞቀ ቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው፤ ምናልባትም ቀዝቅዞ አልነሳ ስለሚል። ሲነሳ ጭሱን እዩ፤ ድምፁን ስሙ። ነዳጅ ሳይሰጠው (ሚኒሞ ላይ) ሳይጠፋ መቆም አለበት። ከዚያ የዘይቱን መለኪያ አውጡ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። በጣት ሲታሽ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለው ደግሞ ውስጡ እየተበላ ነውና አመስግናችሁ ተመለሱ።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብዙ አትመኑ። ቆጣሪ ይነቀላል፣ ይቀየራል፤ የማርሽ መርገጫውን ላስቲክ ግን ማንም አስታውሶ አይቀይረውም። ቆጣሪው ጥቂት ሺህ እያሳየ ላስቲኩ ተበልቶ ብረቱ ከወጣ አንዱ ይዋሻል። የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣው ጫፍ አስፋልት የላጠው ከሆነ ወድቆ ያውቃል። መውደቁ ብቻውን ችግር አይደለም፤ ችግሩ ሻንሲው ከተጣመመ ነው። ከኋላው ራቅ ብላችሁ ቁሙና ሁለቱ ጎማዎች አንድ መስመር ላይ መሆናቸውን እዩ። ስትነዱት መሪው ቀጥ ብሎ እያለ ወደ ጎን የሚስብ ከሆነ ተጣሟል። የፊት አሞርዛተሩ ላይ ዘይት ካለ ጎሚኒው (ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ) አልቋል፤ ይህ ዋጋ ለመቀነስ ይጠቅማችኋል እንጂ ግዢውን የሚያስተዋችሁ አይደለም። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስታችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትነቀንቁት ኳ ኳ ካለ የመሪው ኩሽኔታ ይፈልጋል።

በመጨረሻ ወረቀቱ። የሻንሲ ቁጥሩ መሪው የሚዞርበት አንገት ላይ ተመትቷል። በሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ፤ የሞተር ቁጥሩንም እንዲሁ። የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ የሚመስል ቁጥር ካያችሁ በዋጋ አትደራደሩ። ቀረጥ ያልተከፈለበት ወይም የተሰረቀ ሞተር በነጻም ቢሰጣችሁ ውድ ነው። መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ የሚያመጣውን ግን አይደለም።

ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየራል? የመኪና ዘይት ብጨምርስ?

የአምራቾቹ መመሪያ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 5,000 ኪሎ ሜትር ይላል። ያ ግን ለተስተካከለ መንገድና ለንጹሕ አየር ነው። አቧራ ላይ የሚውል፣ ሰው የሚያመላልስ፣ ዳገት የሚበዛበት ሞተር በ2,000 ቢቀየርለት እመርጣለሁ። የእነዚህ ሞተሮች ሆድ የሚይዘው አንድ ሊትር አካባቢ ብቻ ነው። ያቺ አንድ ሊትር ቶሎ ትቆሽሻለች፤ ትንሽ ከጎደለችም ጉዳቱ ቶሎ ይታያል። አዲስ ሞተር ከሆነ የመጀመሪያው ለውጥ ቀደም ይላል፣ በ500 እና በ1,000 ኪሎ ሜትር መካከል። መጀመሪያ ላይ ብረት ከብረት ሲላመድ የሚወጣው ብናኝ ዘይቱ ውስጥ ነው የሚቀረው።

የመኪና ዘይት ጉዳይ ጋራዥ ውስጥ ሁልጊዜ ያከራክራል። ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ላይ ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሹ ሳጥን) የየራሳቸው ዘይት አላቸው፤ ፍሪሲዮኑ ደግሞ ደረቅ ነው። በብዙዎቹ ሞተርሳይክሎች ላይ ግን ሞተሩ፣ ማርሹና ፍሪሲዮኑ በአንድ ዘይት ይታጠባሉ። አንዳንድ የመኪና ዘይት ነዳጅ እንዲቆጥብ ተብሎ የሚያንሸራትት ነገር ይጨመርበታል። ለመኪናው ጥሩ ነው። የእናንተን ፍሪሲዮን ግን ያንሸራትተዋል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነት አይጨምርም። ስለዚህ ጣሳው ጀርባ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» ወይም «ኤምኤ2» የሚል ምልክት ፈልጉ። ትርጉሙ እርጥብ ፍሪሲዮን ላለው ሞተርሳይክል የተመረመረ ማለት ነው። ውፍረቱን መመሪያው ይነግራችኋል፤ 20ደብሊው50 በብዙዎቹ ላይ የሚሠራ ነው።

ዘይቱ በቃ ወይ ብላችሁ ስታዩ ሞተርሳይክሉ ቀጥ ብሎ ይቁም። በጎን መቆሚያው አጋድላችሁ ያያችሁት መጠን የተሳሳተ ነው።

ካቴናው ይንቋቋል። ላጥብቀው ወይስ ልቀይረው?

ከታች በኩል መሐሉን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። ለአስፋልት በተሠሩ ሞተሮች ላይ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቢጫወት ልክ ነው። ከዚያ በላይ ከላላ ይጠበቃል። እንደ ክራር ጅማት አታክርሩት። ሰው ሲቀመጥበትና ጉድጓድ ሲገባ የኋላው ጎማ ስለሚንቀሳቀስ ካቴናው ትርፍ ያስፈልገዋል፤ ያ ትርፍ ከሌለ የጎማው ኩሽኔታ ነው የሚበላው። ስታጠብቁ ግራና ቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል ይሁኑ። አለዚያ ጎማው ተጣሞ ይቆማል።

የኋላው ጥርስ ላይ የተጠመጠመውን ካቴና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉት። ከጥርሱ ተነሥቶ ክፍተት ካሳያችሁ ወይም ጥርሶቹ ሾለው መንጠቆ ከመሰሉ ጊዜው አልፏል። ሲቀየር ካቴናው ከሁለቱም ጥርሶች ጋር አብሮ ይቀየር። አዲስ ካቴና ያረጀ ጥርስ ላይ ማሰር ገንዘብ መጣል ነው። ጽዳቱ ቀላል ነው፤ በነጭ ጋዝ ጠርጎ፣ አድርቆ፣ ወፍራም የካምቢዮ ዘይት መቀባት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ከምንም ይሻላል፣ ግን በአሸዋ ብናኝ የተሞላ ነው።

ጎማዬን ስንት ልሙላው?

ለቦክሰር ዓይነት ሞተር የፊቱ 25 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አካባቢ፣ የኋላው ብቻችሁን ስትሆኑ 28 ገደማ፣ ሰው ስትጭኑ 32 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ይሆናል። ትክክለኛው ቁጥር ካቴናው መሸፈኛ ላይ ወይም መመሪያው ላይ ተጽፏል። ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ይለካ። ጎሚስታው በመዶሻ መትቶ «ልክ ነው» ቢላችሁ አትቀበሉት፤ መለኪያ አለው፣ ይለካላችሁ።

አዲስ ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች አንብቡ። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። መጋዘን ውስጥ ዓመታት የቆየ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ይደርቃል፤ ዝናብ ላይ የሚያንሸራትተው እሱ ነው።

ጠዋት አልነሳ ይለኛል። ምንድነው?

ደብረ ብርሃን ወይም ጎባ ላይ ከሆናችሁ ብርዱ ራሱ ምክንያት ነው። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ያለው ሞተር በብርድ ጊዜ ቾክ (ቅልቅሉ ውስጥ ቤንዚኑን የሚያበዛ መሳቢያ) ይፈልጋል። ቾኩን ስቡ፣ ነዳጅ ሳትሰጡ አስነሡ፣ ሲሞቅ መልሱት። ብዙ ሰው ቾኩን ረስቶ ቀኑን ሙሉ ይነዳና «ቤንዚን በላብኝ» ይላል።

ቾክ ካልረዳ በቅደም ተከተል ሂዱ፤ ከርካሹ ጀምራችሁ። ቤንዚን አለ? ማስተላለፊያው ተከፍቷል? የሞተር ማጥፊያው ቁልፍ ልጅ ነክቶት ይሆን? አትሳቁ፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ሞተር ጋራዥ ድረስ ተገፍቷል። ከዚያ ካንዴላውን (ብልጭታ የሚሰጠውን) ፍቱ። ከገመዱ ጋር አያይዛችሁ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነክታችሁ ኪክ ስትመቱ ሰማያዊ ብልጭታ መታየት አለበት። ይህን ስታደርጉ ካንዴላውን ከወጣበት ቀዳዳ አርቁት፤ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን ትነት ነው። ብልጭታ ከሌለ ወይም ቀይና ደካማ ከሆነ አዲስ ካንዴላ ሞክሩ። ካንዴላው በቤንዚን ከራሰ ሞተሩ ታፍኗል። አድርቁት፣ ነዳጁን ሙሉ ከፍታችሁ ያለ ቾክ ደጋግማችሁ ኪክ ምቱ።

በኪክ የሚነሳ፣ በቁልፍ ግን ጨክ ብቻ የሚል ከሆነ ባትሪው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ ነቅቶ ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። ሲነሳም ካልጨመረ ባትሪ መቀየሩ አይጠቅማችሁም፤ ችግሩ ቻርጅ የሚያደርገው ክፍል ነው። ተጨማሪ ፓውዛ ያሳሰሩ ሰዎች ባትሪያቸው ለምን እንደሚደክም ሲጠይቁኝ እኔም ፓውዛውን ነው የማየው።

ማደያ ወረፋ አለ። በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ብጠቀምስ?

መንገድ ላይ ቢያልቅባችሁ ለሚቀጥለው ማደያ የምታደርሳችሁን ያህል ብቻ። ዋጋው ሳይሆን ውስጡ ያለው ነው የሚያስፈራው። ነጭ ጋዝ ሊቀላቀልበት ይችላል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ውኃ። ነጭ ጋዝ ያለበት ቤንዚን ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ጠጠር የተበተነበት ይመስል ይንቀጫቀጫል፤ ሳይቃጠል የቀረውም ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል።

ቀላል መፈተኛ አለ። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይጠፋል። ቅባታም ክብ ምልክት ትቶ ከቀረ ባዕድ ነገር አለበት። ውኃው ደግሞ ጠርሙሱ ትንሽ ሲቀመጥ ከታች ይዘቅጣል። አንዴ ከገባ በካርቡራተሩ ሆድ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ቡሎን በካቻቢቴ ላላ አድርጋችሁ አፍስሱ፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሲጋራ ከሚያጨስ ሰው ርቃችሁ።

የፊቱን ፍሬን መያዝ ይገለብጣል ይባላል። እውነት ነው?

ይህ አባባል ብዙ ሰው ጎድቷል። ፍሬን ስትይዙ ክብደታችሁ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የፊቱ ጎማ መሬቱን ይበልጥ ይጫናል፣ የኋላው ይቀላል። ስለዚህ ደረቅ አስፋልት ላይ የማቆም አቅሙ አብዛኛው፣ 70 በመቶና ከዚያም በላይ፣ የፊቱ ነው። የኋላውን ብቻ የሚረግጥ ሰው ጎማው ይቆለፍበታል፣ ይንሸራተታል፣ ሞተሩ ግን አይቆምም። የሚገለብጠው የፊቱን ፍሬን መያዝ አይደለም፤ ድንገት ጨምድዶ መያዝ ነው። መጀመሪያ በስሱ ያዙ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ሲመጣ ጨምሩ፤ ኋላውን አብራችሁ በመጠኑ ርገጡ።

የተለየ ጥንቃቄ የሚፈልጉ ቦታዎች አሉ። ኮረኮንችና አሸዋ ላይ ፊቱን በጣም በስሱ፣ ኋላውን በመጠኑ ጨመር አድርጋችሁ። ኩርባ ውስጥ ገብታችሁ ሞተሩ ተጋድሞ እያለ ፊቱን አትጭመቁ፤ ፍጥነቱን ከኩርባው በፊት ጨርሱ። ይህ ሁሉ ተነግሮ አይገባም። ባዶ ሜዳ ፈልጋችሁ በ20፣ ከዚያ በ30፣ ከዚያ በ40 ፍጥነት እየነዳችሁ መቆም ተለማመዱ። በ60 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ታልፋላችሁ። ልጁ ኳሱን ተከትሎ ሲወጣ አይታችሁ ጣታችሁ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ ያቺ ሰከንድ አልቃለች።

ሄልሜት ለቅርብ መንገድም?

አዎ። ጥናቶችን አንድ ላይ ያገናዘበ፣ ኮክሬን የተባለ የጤና ጥናት ተቋም ግምገማ ሄልሜት የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል። ማሰሪያው ካልታሰረ ግን ኮፍያ ነው፤ ከእናንተ ቀድሞ ይወድቃል። አንዴ በኃይል የተመታ ሄልሜት ላዩ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቋልና ይቀየር። ከኋላ የሚቀመጠው ሰውም የራሱ ይኑረው።

ክረምት ላይ ምን ይለወጣል?

አደገኛው ዶፉ ሳይሆን ካፊያው ነው። ዝናቡ እንደጀመረ አስፋልቱ ላይ የከረመው አቧራና ዘይት ከውኃው ጋር ይላቆጣል። ከቻላችሁ ያን ሩብ ሰዓት ማኪያቶ ጠጡበት። ዜብራው ላይ ያለው ቀለም፣ የማንሆል ክዳንና ብዙ ጎማ ያለሰለሰው ኮብልስቶን እርጥብ ሲሆኑ ፍሬን የሚያዝባቸው ቦታዎች አይደሉም። ቀጥ ብላችሁ፣ በተረጋጋ ነዳጅ እለፏቸው። ውኃ የሞላው ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታወቅም፤ የፊት መኪናው ሲያልፍበት ምን ያህል እንደሚሰምጥ ተመልከቱ።

ሰውና ዕቃ ስጭን ምን ልጠንቀቅ?

የምጠነቀቀው መጀመሪያ ስለ ልብስ ነው። ነጠላ፣ ረጅም ቀሚስ፣ ተንጠልጥሎ የቀረ ሻርፕ ካቴናው ወይም ጎማው ውስጥ ሲገባ አንገት ወይም እግር ይዞ ይገባል። በጎን መቀመጥ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የተቀመጠችው ሰው ድንገት ፍሬን ሲያዝ የምትይዘው ነገር የላትም። ማንም ቢሆን ከመነሳቱ በፊት ልብሱን ሰብስቦ ሥሩ ያድርግ፤ እግሩን መርገጫው ላይ ያኑር፤ ጭስ ማውጫውን እንዳይነካ ንገሩት።

ዕቃ ዝቅ ብሎና ወደ መሐል ተጠግቶ ይታሰር። ከኋላ ጫፍ ላይ የተሰቀለ ጀሪካን የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፤ መሪው ይዋኛል። በዓል ዋዜማ በግ ጭኑ ላይ አጋድሞ የሚነዳውን ሁላችንም አይተናል። በጉ ከተወራጨ መሪውን ማን ይይዘዋል? ባጃጅ ጠርታችሁ ጫኑት።

ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ ምን ይነግረኛል?

ጠዋት ሲነሳ የሚታይና ሲሞቅ የሚጠፋ ነጭ እንፋሎት ጤና ነው። ጥቁር ጭስ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። ከመካኒክ በፊት የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ እዩት፤ በአቧራ ከታፈነ መልሱ እሱ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሲነሳ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቮላው (አየርና ጭስ የሚያሳልፈው በር) ጎሚኒ፣ ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር የሚከተላችሁ ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) መሆኑን ጠርጥሩ። ሁለተኛው ወጪ አለው።

ካንዴላውም ይናገራል። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ ነጭ መሆኑ ቤንዚን አንሶ መጋሉን፣ ዘይት መልበሱ ደግሞ ፋሻውን ያመለክታል።

ሞተሬ ሲሞቅ ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። ሦስት መካኒክ አላገኘውም።

ቫልቮላው ተለክቷል? ይህን ጥያቄ ስጠይቅ መልሱ ብዙውን ጊዜ «ድምፅ የለውማ» ነው። ችግሩም ያ ነው። በቫልቮላውና በሚገፋው ክፍል መካከል የሚተወው ክፍተት በአብዛኞቹ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሲሠራ ቫልቮላው እየተቀመጠ ክፍተቱ ሊጠብ ይችላል። ሲሞቅ ብረቱ ይረዝማል፤ ቫልቮላው ሙሉ በሙሉ መዘጋት ያቅተዋል፤ እመቃው ያመልጣል፤ ሞተሩ ይጠፋል። ሲቀዘቅዝ ክፍተቱ ይመለሳል፣ ሞተሩም ይነሳል። ትንሽ ጠቅ ጠቅ የሚል ቫልቮላ ጭጭ ካለው ይሻላል። ልኬቱ የሚሠራው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ነው፤ እየነዳችሁ ደርሳችሁ ወዲያው ከለካላችሁ መካኒክ ቀይሩ።

እሱ ልክ ከሆነ የታንከሩን ክዳን ፈትሹ። አየር ማስገቢያዋ ቀዳዳ ከተደፈነች ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል። ሲጠፋባችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ ፍስ የሚል የአየር ድምፅ ከሰማችሁ አገኛችሁት። ሁለቱም ካልሆኑ ሲሞቅ የሚደክም የኤሌክትሪክ ዕቃ አለ።

ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ሳመጣው ጉልበቱ የት ሄደ?

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ ከ20 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። አየር ሲያንስ ጉልበት ያንሳል፤ ይህ የማይቀር ነው። ካርቡራተር ግን ሌላ ችግር ይጨምራል። አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ቆላው ይሰጣል። ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። መፍትሔው የሚኒሞውን ቅልቅል ማስተካከል፣ እዚሁ የምትከርሙ ከሆነ ደግሞ ጄት የምትባለውን ቤንዚን አሳላፊ ትንሽ ቡሎን ቀዳዳዋ በምትጠብ መቀየር ነው።

ተገላቢጦሹ ይበልጥ ያስጠነቅቃል። ለደጋ የተቃኘ ካርቡራተር ይዛችሁ ሰመራ ብትወርዱ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ሞተሩ በዚያ ሙቀት ላይ ይግላል። ጉልበቱ ግን ጥሩ ስለሚመስል አትነቁም። በካርቡራተር ፋንታ ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ግን አየሩን በሴንሰር እየለካ ራሱን ያስተካክላል።

ዓባይ በረሃን ዜሮ አድርጌ ብወርድ ቤንዚን አልቆጥብም?

የምትቆጥቡት ጥቂት ጠብታ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ የሚወርደው መንገድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ዜሮ ላይ ከሆናችሁ ያን ሁሉ ክብደት የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነው። የከበሮ ፍሬን ሲግል ሸራው (ከበሮውን የሚይዘው ልባስ) መያዝ ያቆማል፤ መርገጫው አለ፣ ፍሬን የለም። ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ። ሞተሩ ይጮኻል፤ ይጩህ። ፍሬኑን ቆንጠጥ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ዘወትር ተጭናችሁ አትቆዩ። የብረት መቃጠል ከሸተታችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ ውኃ ግን አታፍስሱበት።

ሻጩ ስም ከማዞር ይልቅ በውክልና እንጨርስ አለኝ። ምን ችግር አለው?

ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ሰው ይወደዋል። ችግሩ ውክልና ንብረት አያስተላልፍም፤ በባለቤቱ ስም እንድትሠሩ ይፈቅድላችኋል እንጂ። ባለቤቱ ሊሽረው ይችላል። ከሞተም በመርሕ ደረጃ ውክልናው ያበቃል፤ እናንተም ከማታውቋቸው ወራሾች ጋር ትፋጠጣላችሁ። ዕዳ ካለበት ሞተሩ በስሙ ነውና ሊታገድ ይችላል። ለሻጩም ቢሆን ጥሩ አይደለም፤ በሞተሩ ለሚደርስ አደጋ ቀድሞ የሚፈለገው ሊብሬው ላይ ያለው ስም ነው። ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ የሽያጭ ውሉን አጽድቁ። ከዚያ በፊት እገዳ እንደሌለበት አጣሩ፤ ከዚያ በኋላ ስሙን አዙሩ። ሻጩ ለዚህ ጊዜ ከሌለው ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ጠፋብኝ። አሁን ምን ላድርግ?

አታስነሡት። አየር ይታመቃል፤ ውኃ አይታመቅም። ሲሊንደሩ ውስጥ ውኃ ካለና በቁልፍ ካስነሣችሁት ፒስተኑ ውኃውን ሲገፋ ቢዬላው (ፒስተኑ የተያያዘበት ዘንግ) ሊታጠፍ ይችላል። ያኔ የአንድ ሰዓት ሥራ ሙሉ ሞተር ማውረድ ይሆናል።

ገፍታችሁ ደረቅ ቦታ አውጡት። ካንዴላውን ፍቱና ኪኩን በእጅ ቀስ እያላችሁ ደጋግማችሁ ግፉ፤ ውኃው በካንዴላው ቀዳዳ ይወጣል። የአየር ፊልትሮውን ቤት ክፈቱ፣ አድርቁ። የካርቡራተሩን ሆድ አፍስሱ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ሳታስነሡ ቀይሩት፤ ትንሽ ካሠራችሁት በኋላ ደግሞ እንደገና ቀይሩ፤ የመጀመሪያው ማጠቢያ ነው፤ ርካሽ ዘይት ቢሆንም ይሠራል። ካቴናውን በዚያው ቀን አድርቃችሁ ዘይት ቀቡ። ፍሬኑ ደግሞ ሸራው እስኪደርቅ አይዝም፤ ሰው የሌለበት ቦታ ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ፣ በስሱ እየያዛችሁ አሙቁት።